ማዛትላን ላይ ለቅሶ የተቀመጥንበት ቀን

ባሕር ላይ የወጣሁት በሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት የማውቀው ውሃ የላንጋኖን ሐይቅና፣ ካልጋሪን አቋርጦ የሚያልፈውን የቦው ወንዝ ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም ከዳር ቆሜ ነው ያየኋቸው። አሁን የማወጋችሁ ነገር የመርከብ ጉዞ ታሪክ ነው። ዋናው ነገር የሆነው ግን በየብስ፣ ስሙን እንኳ ሰምቼው በማላውቀው ከተማ፣ በአንድ ድንኳን ውስጥ ነው።

መርከብ ልሳፈር ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም። ጉዞውን ያዘጋጁት ልጆቻችን ናቸው፤ እኔና ባለቤቴ በቀለ የተጋባንበትን አርባ አምስተኛ ዓመት ምክንያት አድርገው።

"እማዬ፣ ኦልሬዲ ቡክ አድርጌዋለሁ። ሪፈንድ የለውም" አለችኝ ልጄ ሰላማዊት፣ እምቢ እንደምል ስላወቀች አስቀድማ በሩን ልትዘጋብኝ።

"አባትሽ ሙቀት አይወድም" አልኳት።

"በጃንዋሪ ካልጋሪ ተቀምጦ ሙቀት የማይወድ ሰው አለ? አባዬ፣ ሜክሲኮ መሄድ ትፈልጋለህ አይደል?"

"እንዴታ!" አለ በቀለ።

ሰላማዊት አጨበጨበች። ምን እንደተጠየቀ እንዳልሰማ፣ የልጁን ፊት አይቶ ደስ እንዲላት ብቻ እንደመለሰ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ወይም እኔ ብቻ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

ያን ጊዜ እንዴት እንኖር እንደነበር ልንገራችሁ። ቤታችን ካልጋሪ፣ ካስልሪጅ የሚባለው ሰፈር ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አዲስ አበባ ውስጥ በታይፒስትነት ሠርቻለሁ፤ ካናዳ ከመጣን በኋላ ግን ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል ካሉት መጋዘኖች ባንዱ ዕቃ ሳሽግ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። በቀለ እዚያው አካባቢ ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር። ሥራው ይህ ይሁን እንጂ ሰው የሚያውቀው በሌላ ነው። በእድራችን ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለጋሽ በቀለ ነበር። የአዳራሹ ቁልፍ ከእሱ ዘንድ ነው። ወንበር ይደረድራል፣ ማን የት መቀመጥ እንዳለበት ያውቃል፣ ሟቹን በአካል ያውቀውም አያውቀውም ሬሳው ሳይወጣ ከቦታው አይነሳም። ለዚህ ሲል ሺፍት ሲቀያየር አለቆቹ "ዘመድህ አያልቅም እንዴ?" ይሉት ነበር።

ከጉዞው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ መርሳት ጀመረ። ስም መርሳት የማንም ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ የአዳራሹን በር በቤታችን ቁልፍ ሊከፍት ሲታገል ቆየ። አንድ ቅዳሜ ከካልጋሪ ወጣ ብላ ባለችው ኦኮቶክስ ከተማ ልጃችን ዮናስ ዘንድ ስንሄድ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በሚያውቀው መንገድ፣ መታጠፊያውን አልፎ ሄደ፤ ሄደ፤ መጨረሻ ላይ የአንድ ገበሬ በር ላይ ቆምን። በቀለ መሪውን እንደያዘ "ዮናስ ቤት ቀይሯል እንዴ?" አለኝ። መንጃ ፈቃድ ባይኖረኝም መንገዱን አስታውሼ ግራ ቀኝ እያልኩ መለስኩት።

"የት ቆያችሁ?" ሲል ዮናስ "ፈረስ ልናይ ወርደን ነው" አልኩት።

"አባዬ ፈረስ ይወዳል እንዴ?"

"ድሮም ይወዳል" አልኩ።

እንዲህ ነበር የምኖረው። ሰው ሲጠይቀው ቀድሜ እመልሳለሁ። ስልክ ሲደወል እኔ አነሳለሁ። "ጋሽ በቀለ እንዴት ናቸው?" ሲሉኝ "ደህና ነው" እላለሁ። ለቅሶ ቤት ሲሄድ አብሬው እሄድና ቁልፉን እኔ እከፍታለሁ። የማንንም ሰው ድንኳን ያቆመው በቀለ ከንፈር እንዲመጠጥለት አልፈለግሁም። ከዚህ የበለጠ ምክንያት የለኝም።

መርከቡ ከሎስ አንጀለስ ተነሳ። በእውነቱ ያማረ ነገር ነው፤ ሕንጻ ተነቅሎ ውሃ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። የክፍላችንን በር የሚከፍተውን ካርድ በገመድ አድርጌ አንገቱ ላይ አንጠለጠልኩለት። ሌሎች ሽማግሌዎችም እንዲሁ አድርገው ስላየሁ ቀለል አለኝ። ሁለት ቀን ባሕር ላይ ስንቆይ ክፉ ነገር አልገጠመንም። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ውሃውን እናያለን። አልፎ አልፎ ወደ እኔ ዞር ብሎ "የሺ፣ ይሄ ሆቴል የማን ነው?" ይለኛል።

"የፈረንጅ ነው።"

"ሂሳቡስ?"

"ሰላማዊት ከፍላለች።"

"ጎበዝ ልጅ" ይላል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይጠይቀኛል። እኔም እንደገና እመልሳለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሜክሲኮ የወደብ ከተማ ማዛትላን ደረስን። ከመርከቡ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊታችን ላይ ተለጠፈ። ዘንባባ አለ፣ ቢጫና ሰማያዊ የተቀቡ ቤቶች አሉ፤ አየሩ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። መርከቡ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ተሳፋሪ ሁሉ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መግባት አለበት። ዘግይቶ የመጣን መርከቡ እንደማይጠብቅ በድምፅ ማጉያ ደጋግመው ነገሩን። ከምሳ በኋላ ከተማውን በሚያስጎበኝ አውቶቡስ ተሳፈርን።

አውቶቡሱ ከባሕሩ ዳር ወደ መሀል ከተማ ሲገባ በጠባብ መንገዶች ነበር የሚሄደው። አንድ ጎሚስታ ቤት አለፍን፤ በሩ ላይ ያረጁ ጎማዎች በቀለም ተቀብተው ተደርድረዋል። ከእሱ አጠገብ ካለው ቤት እስከ ማዶው ቤት ድረስ ነጭ ሸራ በገመድ ተወጥሯል። ከሥሩ ሰዎች በፕላስቲክ ወንበር ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል። ማንም አያወራም።

በቀለ ክንዴን ነካኝ። "የሺ፣ እዚህ ቤት ሰው ሞቷል።"

"ነፍስ ይማር።"

"አንወርድም?"

"አናውቃቸውም እኮ።"

"ድንኳን ተጥሎ እያዩ ዝም ብሎ ይታለፋል?"

"ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል" አልኩት። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ አንድም ሰው አልነበረም።

አውቶቡሱ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት አወረደን። አስጎብኚው አንድ ሰዓት እንዳለንና እዚያው ቦታ እንደሚጠብቀን ነገረን። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ዛፍ የበዛበት አደባባይ አለ፤ በቀለን ጥላ ያለበት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ ውሃውን ሰጠሁት።

"መጸዳጃ ቤት ደርሼ ልምጣ። ከዚህ እንዳትነሳ።"

"ወዴት እነሳለሁ ብለሽ ነው?" አለ። ሳቅም ብሎ ነበር።

መጸዳጃ ቤቱ ጋ ሰልፍ ነበር። ስመለስ የውሃው ጠርሙስ አግዳሚው ላይ ቆሟል። በቀለ የለም።

አልጮህኩም። እንዲህ ባለ ጊዜ ምን እንደማደርግ ሁለት ዓመት ሙሉ ተለማምጃለሁ፤ ቀስ ብዬ እየተራመድኩ ማየት። መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ። በር ላይ ጫማ ፈለግሁ። እዚያ አገር ጫማ አውልቆ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ የለም፤ የእሱ ጫማ ቢኖር ብቻውን ይታየኝ ነበር። አልነበረም። ከጀርባው ያለውን ገበያ አቋረጥኩ፤ ሥጋ ተራውን፣ ፍራፍሬ ተራውን፣ ባርኔጣ የሚሸጡበትን። ወደ አግዳሚው ተመለስኩ። ጠርሙሱ እንዳለ ነው።

ሰዓቱ ደርሶ ሰዎቹ ወደ አውቶቡሱ መግባት ጀመሩ። አስጎብኚው በጣቱ ሲቆጥር ቆይቶ ወደ እኔ መጣ።

"ባለቤትሽስ?"

ይህን ጊዜ እውነቱን ብናገር ኖሮ ፖሊስ ይጠራ ነበር፣ መርከቡ ጋ ይደወል ነበር። አፌ ግን የለመደውን ተናገረ።

"ሱቅ ሊያይ ሄዶ ነው። በታክሲ እንመጣለን።"

"መርከቡን እንዳታሳልፉት!"

"አናሳልፈውም" አልኩት። እሱም አመነኝ። አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ ሄደ።

በቀለ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን አወጣሁ። በቀለ የራሱን ክፍላችን ውስጥ ትቶታል። ሰላማዊት "ሮሚንግ እንዳትከፍቺ፣ ቻርጁ አይቻልም" ብላኝ ስለነበር ስልኩን ከመርከቡ ጀምሮ ዘግቼዋለሁ። ከፍቼ ልደውልላት አሰብኩ። ምን እላታለሁ? አባትሽ ጠፋ ካልኩ ለምን ጠፋ ትለኛለች። ስልኩን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ጥያቄውን ለወጥኩት። እስከዚያ ድረስ "የት ሄደ?" እያልኩ ነበር። በቀለ የት እንደሚሄድ አስቦ የሚነሳ ሰው መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። "በቀለን ከተቀመጠበት የሚያስነሳው ነገር ምንድን ነው?" አልኩ። ርሃብ አያስነሳውም፤ እኔ ካላቀረብኩለት አይበላም። ሱቅ አያስነሳውም። ባሕሩንም ቢሆን እኔ ካላልኩት ዞር ብሎ አያየውም።

ነጩ ሸራ ትዝ አለኝ።

አውቶቡሱ በመጣበት አቅጣጫ መሄድ ጀመርኩ። ከመስኮት ያየኋቸው መንገዶች በእግር ሲሄዷቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ጎሚስታ ቤቱን አጣሁት። ጥግ ላይ ማንጎ እየላጠች በኩባያ የምትሸጥ ሴት ነበረች። እንግሊዝኛ አትሰማም፤ እኔ ስፓኒሽ አልችልም። ሁለት እጄን ከራሴ በላይ እንደ ድንኳን አድርጌ አሳየኋት። ግራ ገባት። ዓይኔን ከድኜ እጆቼን ደረቴ ላይ አመሳቀልኩ። ያን ጊዜ ቢላዋዋን አስቀምጣ አማተበችና በአገጯ ወደ ቀኝ አመለከተችኝ።

ሁለት መንገድ አቋርጬ ቀለም የተቀቡትን ጎማዎች አየሁ። ከዚያ ሸራውን። ከዚያ በቀለን።

ከፊት ረድፍ ተቀምጧል። ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ ነው፤ ጀርባው ቀጥ ብሏል። ግራና ቀኙ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ልክ እንደ እሱ ወደ መሬት ያያሉ። የመርከቡ ካርድ ከአንገቱ ተንጠልጥሏል እንጂ ሌላ እንግዳ የሚያስመስለው ነገር የለም። ውጭ ቆሜ አየሁት። ስንት ጊዜ ሆኖታል እንዲያ ከተቀመጠ! ቤት ውስጥ እጁ ሥራ ፈትቶ ሲንቀዠቀዥ ነው የሚውለው፤ ኪሱን ይፈትሻል፣ መጋረጃ ይነካካል። እዚህ እጆቹ አርፈዋል።

ድንኳን ውስጥ ሰው አይጠራም። ለመርከቡ ቅዝቃዜ ብዬ የያዝኩትን ሻርፕ አውጥቼ ራሴን ሸፈንኩና ገባሁ። በሩ ላይ ጥቁር የለበሰች ቀጭን ወይዘሮ ተቀምጣለች፤ የሟቹ ሚስት መሆኗን ለማወቅ ማስተርጎም አላስፈለገኝም። ጎንበስ ብዬ እጇን ያዝኩ። እሷም ያዘችኝ። ከዚያ ሄጄ ባለቤቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

"ቆየሽ" አለኝ በሹክሹክታ።

"መንገዱ ጠፍቶኝ።"

"ወንበር አጥሯቸው ነበር። ከጎረቤት አመጣን" አለ። "ገመዱንም በደንብ አላሰሩትም፤ እንደገና አሰርኩት።"

ቀና ብዬ አየሁ። የሸራው አንድ ጥግ የታሰረበትን ቋጠሮ አወቅሁት፤ የበቀለ ነው።

አንዲት ወጣት ዳቦ በወረቀት ሳህን፣ በቅመም የፈላ ትኩስ ሻይ በኩባያ ይዛልን መጣች። ስሟ ሉሲያ ነው፤ ሟቹ አያቷ ነው። ሆቴል ስለምትሠራ እንግሊዝኛ ትችላለች።

"ሚስታቸው ነዎት?" አለችኝ ቁጢጥ ብላ።

"አዎ።"

"ከየት መጣችሁ?"

"ከካናዳ፤ ከካልጋሪ። ትውልዳችን ግን ኢትዮጵያ ነው።"

"አፍሪካ?" አለች ጮክ ብላ። ዞር ብላ ለሴት አያቷ በስፓኒሽ ነገረቻት። ድንኳኑ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሳ። ከኋላ የነበሩት ጎልማሶች እርስ በርስ ተያዩ።

"ምን አልሽ?" አልኳት ፈርቼ።

"አያቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ በወጣትነቱ ግን ዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ ሠርቷል። 'አፍሪካ ድረስ ሄጄ ወዳጅ አፍርቻለሁ' ይለን ነበር። ልጆቹ ሁሉ ሲቀልዱበት ነው የኖሩት። ዛሬ ባለቤትዎ መጥተው የሴት አያቴን እጅ ይዘው አንገታቸውን ሲደፉ፣ እሷ 'አያችሁት?' አለቻቸው። ይተዋወቁ ነበር አይደል?"

ሻዩን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። አዎ ማለት ቀላል ነበር፤ አዎ ማለት የእኔ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ግን ሬሳ ባለበት ቤት መዋሸት ከበደኝ።

"አይተዋወቁም" አልኳት። "ባለቤቴ ድንኳን አይቶ ነው የገባው። በእኛ ደንብ ለማያውቁትም ሰው ይቀመጣሉ።"

ሉሲያ ሄዳ በሴት አያቷ ጆሮ ተናገረች። ወይዘሮዋ መልሳ አንድ ነገር ስትላት ሉሲያ ሳቋን በእጇ አፈነችው።

"ምን አለች?"

"'አውቃለሁ፤ ካርዱን አንገቱ ላይ አይቼዋለሁ። አንቺ ግን ለአጎቶችሽ እንዳትነግሪያቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብለውልኛል' ነው ያለችው።"

በዚያ ቀን ሳቅ የሚቃጣኝ አይመስለኝም ነበር። ግን ቃጣኝ።

ሰዓቴን ሳይ ግን ሳቄ ተወኝ። መርከቡ ተሳፋሪ መቀበል ሊያቆም የቀረው ጥቂት ነው። ወደ በቀለ ጠጋ አልኩ።

"በቀለ፣ እንሂድ። መርከቡ ሊነሳ ነው።"

"ሬሳው ሳይወጣ?"

"ይቅርታ ይደረግልናል። ሩቅ አገር ነው የምንሄደው።"

"የሺ፣ ሰው ምን ይላል?" አለኝ፤ እንደ ድሮው በበቀለ ድምፅ። "አንቺ ሂጂ። እኔ ሲወጣ እመጣለሁ።"

ሉሲያን ቀብሩ መቼ እንደሆነ ጠየቅኋት። ካህኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንደሚወስዱት ነገረችኝ። መርከቡ የሚነሳበት ሰዓት ነው። እጅጌውን በቀስታ ሳብ አደረግሁት። ክንዱን ነጠቀኝ። ሲጎትቱት እንደሚብስበት አውቃለሁ፤ ፊቱ ሲደነግጥ፣ የተቀመጠበትን ቦታ መጥላት ሲጀምር ታየኝ። እዚያ ሰላም አግኝቶ በተቀመጠበት ያን ላመጣበት አልፈለግሁም። ይቅር፣ መርከቡ ይሂድ አልኩ። ግን የደም ግፊት መድኃኒቱ መርከቡ ላይ ነው። ፓስፖርታችንም።

እናንተም ለቅሶ ቤት የምታውቁ ከሆነ ይህን ታውቃላችሁ፤ ሬሳ ሳይወጣ የሚነሳ ሰው ከሐዘኑ ባለቤት ፈቃድ ያገኛል። በእድራችን የሌሊት ሺፍት ያለበት ሰው ሲኖር፣ ከቤተሰቡ አንዱ ተነስቶ እጁን ይይዝና "በቃህ፣ ሂድ፤ ከእኛ ነህ" ብሎ ይሸኘዋል። ያለዚያ በቀለ አይነሳም። በቀለን ሊያስነሳ የሚችል ሰው እዚያ ድንኳን ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ ያቺ ጥቁር የለበሰች ሴት። እሷን ለመለመን ደግሞ ለምን እንደሆነ መናገር አለብኝ።

ተነስቼ ሉሲያን ወደ ዳር ወሰድኳት። እንግሊዝኛዬ የመጋዘን እንግሊዝኛ ነው፤ ማሳመር አይችልም።

"ባለቤቴ ታሟል" አልኳት። "አእምሮው እየደከመ ነው። መርከባችን ሊሄድ ነው፤ ግን አያትሽ ካልሸኙት አይነሳም።"

ሁለት ዓመት ሙሉ ለልጆቼ፣ ለሐኪሙ፣ ለካህናቱ፣ ለጎረቤቶቼ ያላልኩትን፣ ከደቂቃዎች በፊት ለማላውቃት ልጅ አልኳት። በአማርኛ እንዴት እንደሚባል እንኳ አስቤበት አላውቅም ነበር። የፈራሁትን ፊት ጠበቅሁ። ሉሲያ ግን ከንፈሯን አልመጠጠችም። "ምን ብላ ነው መሸኘት ያለባት?" ብላ ነው የጠየቀችኝ፤ የአንድ ዕቃ አያያዝ እንደሚጠይቅ ሰው።

"እጁን ትያዝ። ይበቃሃል ትበለው። በራሷ ቋንቋ ትበለው፤ ይገባዋል።"

ወይዘሮዋ ከሉሲያ ስትሰማ ወደ በቀለ ሳይሆን ወደ እኔ አየች። ከዚያ ወንበሯን ተደግፋ ተነሳች። ድንኳኑ በሙሉ አብሯት ተነሳ፤ በቀለም ተነሳ። ሁለት እጆቹን ያዘችና እየመራች ወደ ቤት ውስጥ አስገባችው። ተከተልኳቸው። ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ ፀሐይ ያጠቆረው የአንድ ሽማግሌ ፊት ይታያል። በቀለ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ።

"ነፍስህን ይማር ወንድሜ" አለው።

ሴትዮዋ በስፓኒሽ በረጅሙ ተናገረችው። መጨረሻ ላይ በአውራ ጣቷ ግንባሩ ላይ አማተበችለት። እሱም ጎንበስ አለና "እግዜር ያጥናዎት፤ ሌላ አያሰማዎት" አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ሸኙኝ እኮ" አለኝ። "እንሂድ።"

ከሉሲያ አጎቶች አንዱ ጣሪያ እንጂ በር የሌላት ትንሽ ታክሲ ይነዳል። ከኋላ አስቀመጠን። ገበያውን፣ አደባባዩን፣ የባሕሩን ዳር ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። በቀለ በነፋሱ ዓይኑን ጨፍኖ "ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ወንበር ብቻ ነው ያነሳቸው" ይለኛል። ወደቡ በር ላይ ስንደርስ ሰውየው ሂሳብ አልቀበልም ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። መርከቡ አፍ ላይ ሁለት ሠራተኞች ቆመው በእጃቸው "ቶሎ ቶሎ" ይሉናል። ከኋላችን በሩ ተዘጋ።

በረንዳችን ላይ ወጣን። መርከቡ ከወደቡ ቀስ ብሎ ሲለይ ከከተማው የደወል ድምፅ መጣ፤ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ፣ በጣም ቀስ ያለ። በቀለ የብረቱን ድጋፍ ይዞ ቆሞ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀ።

"ወጣ" አለ።

"አዎ፣ ወጣ" አልኩት።

ደወሉ እስኪጠፋ ድረስ እንዲሁ ቆምን። ከዚያ ገብቶ ጋደም አለ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ስልኬን ከፍቼ ሰላማዊት ዘንድ ደወልኩ።

"እማዬ! ኢዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬ?"

"አባትሽ ደህና አይደለም" አልኳት። "ዛሬ አይደለም። ሁለት ዓመት ሆኖታል።"

በቀለን እንዳልቀሰቅሰው ወደ በረንዳው ወጣሁ።

"እናውቃለን እማዬ" አለች። "ለምን ይመስልሽ ትሪፑን ዘንድሮ ያስቸኮልነው? እሱ ኢንጆይ ማድረግ እየቻለ ይሂድ ብለን ነው። አንቺ እስክትነግሪን ነው ዌይት ስናደርግ የነበረው።"

"ዮናስም?"

"ዮናስማ የዛን ዕለት ነው ያወቀው። ፈረሱን ማንም አላመነሽም እማዬ።"

ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራንም። አልቅሼ እንደሆነ ትጠይቁኝ ይሆናል። ባሕሩ ላይ ሲመሽ እያየሁ ቆየሁ፤ ይህ ይበቃል።

ካልጋሪ ስንመለስ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ የሚለውን አለ፤ አዲስ ነገር አልነበረውም። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ እጄን አወጣሁ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን አውጥቼ አላውቅም። ባለቤቴ መታመሙን ተናገርኩና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከንፈር የመጠጡ ነበሩ፤ እንደፈራሁት። አልገደለኝም። ሊቀመንበሩ ቁልፉን አንስቶ "እትዬ የሺ፣ ቁልፉን እንቀበላለን። ጋሽ በቀለን ግን አናሰናብትም" አለ።

እንዳለውም አደረጉ። አሁን ለቅሶ ሲኖር አንዱ መኪና ይዞ ቤታችን ይመጣል። በቀለ ኮቱን ለብሶ ይሄዳል። ወንበር ይደረድራል፤ የደረደረውን ሌሎች ቀስ ብለው ቢያስተካክሉትም እሱ አያይም። ከፊት ይቀመጣል። እኔ አጠገቡ መሆን አያስፈልገኝም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ቤት እቀራለሁ፣ ሁለት ሰዓት እተኛለሁ። የሚሄድበት ሰዓት ሲደርስ ከሐዘንተኞቹ አንዱ ይነሳና እጁን ይዞ ይሸኘዋል። ይህን ሁሉም ያውቃሉ፤ እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ሰው ምን ያህል በቀላሉ እንደሚማር ገረመኝ። እኔ ሁለት ዓመት ብቻዬን የተሸከምኩትን፣ ሌሎች ሲሰሙት "እሺ፣ ምን እናድርግ?" ነው ያሉት፤ እንደ ሉሲያ።

በሽታው አልቆመም። ሰላማዊትን "የማን ልጅ ነሽ?" የሚልባት ቀን አለ። እኔንም የማያውቅበት ቀን ይመጣል። ይህን የጻፍኩት የዳነ ሰው ታሪክ ላወራችሁ አይደለም። ከእናንተ መካከል ስለ አንድ ሰው "ደህና ነው" እያለ የሚያድር ይኖራል ብዬ ነው። እንዲህ አድርጉ አልልም፤ የቤታችሁን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ግን እንዴት እንደቀለለኝ ነግሬያችኋለሁ።

መርከቡን ረስቶታል። ፎቶውን ሳሳየው "ይሄ ሕንጻ የት ነው?" ይለኛል። ባሕሩን፣ ዘንባባውን፣ ያን ሁሉ ሙቀት ረስቷል። ባለፈው ሳምንት ግን በረዶ ሲጥል በመስኮት እያየ ቆይቶ ድንገት ዞር አለ።

"የሺ፣ ያ መርከበኛ በደንብ ተቀበረ?"

የያዝኩትን ልብስ አስቀመጥኩ። "ተቀበረ። ደወሉን ሰምተን የለ?"

"ወንበሮቹንስ? የጎረቤት ነበሩ።"

"መልሰዋል" አልኩት።

"ደህና" አለና ወደ በረዶው ዞረ።